የማን ክፍል ሙቀት

በእትዬ ጠብታ ሳሎን ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ላዩ በመስታወት የተሸፈነ አሮጌ ጠረጴዛ አለ። ሰው እንዲህ ባለው መስታወት ሥር የልጆቹን ፎቶግራፍ ያኖራል። እሷ ያኖረችው አንድ የወየበ የሆስፒታል ቅጽ ነው። ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ክብደት ተሞልቶበታል። ከግርጌው «አስተያየት» በሚለው ቦታ ላይ ደግሞ በራሷ ጥርት ያለ የእጅ ጽሕፈት ሦስት ቃላት ሰፍረዋል፤ «እናት እንደታዘዘችው አትሰጥም።» ከሥሩ በሌላ ቀለም የተጻፈ ሌላ መስመር አለ፤ ሰው ግን የመጀመሪያውን አንብቦ ነው የሚደነግጠው።

«ምንድነው ይሄ?» ይላታል እንግዳ ሁሉ።

«ዲግሪዬ ነው» ትላለች።

እውነተኛው ዲግሪዋ የት እንዳለ አውቃለሁ። ቁም ሣጥኑ አናት ላይ፣ ከትርፍ ብርድ ልብሶች ሥር ነው።

ቅጹ ላይ የተወቀሰችው እናት የኔ እናት ናት። ልጅቷ፣ ቁጥር ሠላሳ አንድ፣ እኔ ነኝ። እትዬ ጠብታ ዛሬም በስሜ አትጠራኝም። በሠርጌ ዕለት እንኳ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል አንገቴን አቅፋ «ሠላሳ አንድ፣ አማረብሽ» ብላኝ፣ የባለቤቴ ዘመዶች ዕድሜዬን የነገረቻቸው መስሏቸው ነበር።

የሰዓት ሠሪ ልጅ ናት። አባቷ ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር በተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው በማታስቆም ሱቅ ውስጥ፣ አጉሊ መነጽር አንድ ዓይኑ ላይ ገጥሞ ሲሠራ እሷ ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው ያደገችው። ከፀጉር የቀጠነውን ሽቦ በመቆንጠጫ ሲያነሳ «ትንፋሽሽን ያዢ» ይላታል። ትይዛለች። «ሰዓት የሚበላሸው በትልቁ ጥርሱ አይደለም፤ ማንም ሳያያት በገባች አቧራ ነው» ይላል ደግሞ፣ ለእሷ ይሁን ለሰዓቱ ሳይለይ።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፋርማሲ ተማረች። ከዚያ የመድኃኒት ምርምር ላብራቶሪ ተመደበች፤ እዚያ ቤት የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። የላብራቶሪው ኃላፊ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሉት ግዙፍ አዋቂ ሰው፣ በመጀመሪያው ቀን ግራና ቀኝ አየና እንደ ተረፈ ወንበር የሚያስቀምጥበት ቦታ አጣላት። በመጨረሻ ከዕቃ ማጠቢያው ዘንድ አቆማት። ሁለት ዓመት ብልቃጥ አጠበች።

«እንዲህ በተማረ ሰው የታጠበ ብልቃጥ በዓለም ላይ የለም» እያሉ ይቀልዱ ነበር ወንዶቹ።

ነጭ ጋዋንም አልነበራትም። የተሰጣት ለወንድ ትከሻ የተሰፋ ነው፤ እጅጌውን ሦስቴ አጥፋ ነበር የምትሠራው፤ ውሃ በነካው ቁጥር ይፈታል፣ መልሳ ታጥፋለች። ስትሠራ ጠብታ በጠብታ እየቆጠረች ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ስለነበር «ጠብታ መጣች፣ ጠብታ ሄደች» ይሏት ጀመር። ለፌዝ ያወጡት ስም ነው። እሷ ግን ከፋኝ ብላ አታውቅም። «ከቆሸሸ ብልቃጥ የሰው ጠባይ ይነበባል» ትላለች፤ «ማን እንደሚቸኩል፣ ማን አርብ ከሰዓት ልቡ ቤቱ እንደሚሄድ፣ ማን ሳያማስል አማስያለሁ ብሎ እንደሚጽፍ፣ ሁሉንም እዚያ ገንዳ ላይ ቆሜ ነው ያወቅኩት።»

አንድ ቀን ጋሼ የአንድ መድኃኒት ሁለት ውጤት አልገናኝ ብሎት ሲቆጣ፣ ከማጠቢያው በኩል ቀጭን ድምፅ መጣ፤ «ጋሼ፣ የመጀመሪያው ብልቃጥ ሥር ሳይሟሟ የቀረ ዱቄት ነበረ። ስፍቀው ነው የዋልኩት።»

በሳምንቱ ሚዛን ተሰጣት።

በዚያ ሚዛን መጀመሪያ የመዘነችው ማንም ያላዘዛትን ነገር ነበር። የሚጥል በሽታ ላለባቸው ልጆች የሚሆን መድኃኒት አልነበረም። የነበረው ያዋቂ እንክብል ነው፤ እናቶች በምላጭ አራት ቦታ እየከፈሉ ለልጅ ይሰጣሉ። እትዬ ጠብታ ከሆስፒታሉ በር ቆማ እናቶችን «እስቲ አንዷን ሩብ ያሳዩኝ» እያለች መቶ ሩብ ሰበሰበችና አንድ በአንድ መዘነች። ትልቁ ሩብ የትንሹን ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ልጅ ሲያንቀላፋ ይውላል፣ ሌላው ሲወድቅ ይውላል፤ ሁለቱም «ሩብ» ወስደዋል።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» አለ ጋሼ ወረቀቱን አይቶ። «ለየእናቱ ሚዛን እናድል?»

«ማንኪያ አላቸው እኮ ጋሼ» አለችው።

ሽሮፑ የተጀመረው በዚያ ቃል ነው። ስድስት ዓመት ፈጀ። መድኃኒቱ ከሬት የመረረ ስለሆነ ጣዕሙን የምትሞክረው በራሷ ምላስ ነበር፤ ምላሷ ደንዝዞ ወደ ቤቷ ስትሄድ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ» ማለት አቅቷት ሰፈሯን አልፋ የወረደችበት ቀን ብዙ ነው። በስድስተኛው ዓመት አርባ ልጆች ላይ እንዲሞከር ተፈቀደ።

ከአርባዎቹ አንዷ ስሆን ስምንት ዓመቴ ነበር።

በዚያን ጊዜ በሳምንት ሦስቴ አራቴ እወድቅ ነበር። የመውደቁን ነገር እኔ አላስታውሰውም፤ የማስታውሰው የሰው ፊት ነው። ስነቃ ከበላዬ የሚያዩኝን ፊቶች፣ ከሁሉ ቅርብ ደግሞ የእናቴን፣ መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች። ልብስ ሰፊ ነበረች። አባቴ ገና ሕፃን ሳለሁ ነው የሞተው። አንድ ክፍል ቤታችን ውስጥ ሲንጀር የስፌት መኪናዋ፣ አልጋው፣ የቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢቱና ቴሌቪዥኑ ነበሩ። ቴሌቪዥኑን ያመጣው አጎቴ ነው። ውጭ ስጫወት ወድቄ ግንባሬ ከተተረተረ በኋላ የሰፈሩ ልጆች ስለሸሹኝ፣ «እንግዲህ ዓለሙ እሷ ዘንድ ይምጣላት» ብሎ ተሸክሞት መጣ። እናቴ ዳንቴል አለበሰችው። ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነበር፤ ስርጭት በማይኖርበት ሰዓት እንኳ ያንን የሚንጫጫ ነጭ ነጠብጣብ አፍጥጬ አየዋለሁ።

ሆስፒታል ተኝቼ ሽሮፑን ሦስት ሳምንት ወሰድኩ። አንድም ቀን አልወደቅኩም። እናቴ በጎበኘችኝ ቁጥር ሲስተርዋን «ዛሬስ?» ትላታለች፤ ሲስተር ራሷን ስትነቀንቅ እናቴ ሮጣ ኮሪደሩ ጥግ ሄዳ ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ከአርባዎቹ ሠላሳ አራቱ እንደ እኔ ነበሩ። ደስታ ሆነ። በየአሥራ አራት ቀኑ አንድ ብልቃጥ እየተሰጠን ወደየቤታችን ተላክን።

በሁለተኛው ወር ወደቅኩ። ከዚያ እንደገና። ከዚያ እንደ ድሮው።

እኔ ብቻ አልነበርኩም። ሆስፒታል ድነው ከነበሩት አሥራ ሰባቱ ቤታቸው ገብተው ተመልሰው ታመሙ። ኮሚቴው ተሰበሰበና ነገሩ ግልጽ ነው አለ። ሲስተር ስትሰጥ ይሠራል፣ እናት ስትሰጥ አይሠራም፤ እንግዲህ እናቶቹ በትክክል አይሰጡም። በትክክል የማይሰጣቸው ልጆች በወሩ መጨረሻ ከጥናቱ ይውጡ፣ መድኃኒቱም ይቁምባቸው ተባለ። እየጠየቀች ቅጹን የምትሞላው እትዬ ጠብታ ሆነች።

እናቴ ተራዋ ደርሶ ገባች። እኔ ጭኗ ላይ ነበርኩ።

«በትክክል ይሰጣሉ?»

«እሰጣለሁ።»

«አንድም ቀን አምልጦዎት አያውቅም?»

እናቴ ዝም አለች። ቆጥራ የምትናገር ሴት ስለሆነች አንድ ነገር እያስታወሰች ነበር። እትዬ ጠብታ ብዕሯን ይዛ ጠበቀች፣ ከዚያ ወደ ወረፋው አየች፤ ከኋላችን ገና ዘጠኝ እናት አለ። ጻፈች። «እናትሽ ዝም አለች፤ እኔ ደግሞ ዝምታዋን ተረጎምኩት» ብላኛለች፣ ከብዙ ዓመት በኋላ። «ሰዓት ሠሪው አባቴ ቢያየኝ መቆንጠጫውን ይቀማኝ ነበር።»

ስንወጣ ሲስተር በር ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት። «ወሩ ሲያልቅ ትወጣላችሁ መሰለኝ እናቴ። መድኃኒቱ በትክክል ለምትሰጥ እናት ነው የሚባለው።»

እናቴ ያን ቀን የአንዲት ደንበኛ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች። በሕይወቴ ስትሳሳት ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። ፈታችው፣ ደግማ ሰፋችው፣ አጥፋ አስቀመጠችውና በማግስቱ እኔን ለጎረቤት ሰጥታ፣ የተጀመረውን ብልቃጥና የልብስ ልኬት የምትጽፍበትን ደብተር በዘንቢል ይዛ ወጣች። የሆነውን ሁሉ ስንት ጊዜ እንደተረከችልኝ!

ላብራቶሪው በር ላይ ደርሳ «ወይዘሮ ጠብታን ፈልጌ ነበር» አለች። ሲስተር ስትጠራት ሰምታ እውነተኛ ስሟ መስሏታል። ወንዶቹ በሳቅ ፈነዱ። እናቴ አልሳቀችም።

«ምነው? ስም አይደለም? ንጹሕ ነገር እኮ ነው ጠብታ» አለች። ለዚያ ስም ማዕረግ የሰጠችው እናቴ ናት።

እትዬ ጠብታ ወጣች። እናቴ ብልቃጡን ጠረጴዛ ላይ አቆመችው። ከአንድ አሮጌ የልብስ መለኪያ ሜትር ላይ አሥራ አራት ሴንቲ ቆርጣ በብልቃጡ ጎን ከታች እስከ ላይ ለጥፋበታለች። ብልቃጡ ቀጥ ያለ ነው፣ የአሥራ አራት ቀን ነው፤ በቀን አንድ ሴንቲ ይቀንሳል።

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ» አለች። «የሰው ወገብ በአንድ ሴንቲ ብስት ቀሚሱን ፊቴ ላይ ይወረውሩልኛል። በልጄ የምስት ይመስልዎታል?»

ደብተሩንም ገለጠችው። «የሙሽሪት፣ ወገብ 68፣ እጅጌ 57። ሽሮፕ 9። የአስተማሪዋ ጉርድ፣ ርዝመት 71። ሽሮፕ 8።» ገጽ በገጽ፣ ወር በወር እንዲያ ነው። የእስክሪብቶው ቀለም ይለያያል፣ አንዱ ገጽ ላይ የማሽን ዘይት ተደፍቶበታል፣ ሌላው ላይ የመርፌ ቀዳዳ አለ። አንድ ቀን ተቀምጠው የሚፈበርኩት ነገር አይደለም። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ እንዲህ ይላል፤ «ሽሮፕ 6። አስታወካት። ድጋሚ ልስጣት? ፈራሁ፤ አልሰጠሁም።»

እትዬ ጠብታ እዚያች ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ትናንት ዝም ያሉት…»

«ይቺን ቀን እያሰብኩ ነበር። አመለጠ ይባላል ወይስ አይባልም ብዬ። እርስዎ ግን ጽፈው ጨርሰው ነበር።»

እትዬ ጠብታ ጣቷን ከመስመሩ ላይ አነሣች።

«ደብተሩን ለአንድ ቀን ያውሱኝ» አለች እትዬ ጠብታ።

«ደብተሩን አልችልም፣ የሰው ልብስ አለበት። ብልቃጡን ይውሰዱ።»

በምትኩ አዲስ ብልቃጥ ሰጥታት ያንን ወሰደችው። ሰባት ሴንቲ ቀርቶት ነበር። ሁለት ቀን መረመረችው፤ አላመነችም፣ ደገመችው፣ ሠለሰችው። ከመድኃኒቱ ኃይል የቀረው ከግማሽ በታች ነበር። ሌላው ጣፋጭ ውሃ ነው። ጋሼ ዘንድ ሄደች።

«ጋሼ፣ መድኃኒቱ ሞቷል።»

«የት? መጋዘን ያለው ናሙና ስድስት ወሩን ጨርሶ ንክች አላለም። በክፍል ሙቀት ነው የተቀመጠው፣ ራስሽ ፈርመሽበታል።»

«የማን ክፍል?» አለች።

ጋሼ ብዕሩን አስቀመጠ። መጋዘኑን ሁለቱም ያውቁታል፤ ግንቡ ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው የድንጋይ ቤት ነው፣ ፀሐይ አያገኘውም፤ ሠራተኞቹ ከሰዓት በኋላ ቀዝቀዝ እንዲላቸው ሰበብ ፈልገው ይገቡበታል።

ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ቤት መጣች። እኔ ቴሌቪዥን እያየሁ ነበር። በሩ ላይ ያቺ ነጭ የለበሰች ሴት ስትቆም መርፌ ልትወጋኝ መስሎኝ አልጋ ሥር ገባሁ።

«ውጪ አንቺ፣ መርፌ የለኝም» አለች፤ «ያለኝ ይሄ ብቻ ነው» ብላ ሦስት ቴርሞሜትር አሳየችኝ። «ቁጥር ሠላሳ አንድ አንቺ ነሽ? እስቲ አንዱን ያዢልኝ። ትንፋሽሽን ያዢና።»

ያዝኩ።

«መድኃኒቱን የት ነው የሚያስቀምጡት?» አለቻት እናቴን።

እናቴ በኩራት ነበር የጠቆመችው። ቴሌቪዥኑ አናት ላይ፣ ዳንቴሉ መሐል፣ አዲሱ ብልቃጥ ከነሜትሩ እንደ ዋንጫ ቆሟል። እትዬ ጠብታ መዳፏን ቴሌቪዥኑ ላይ አሳረፈችና ቶሎ አነሳች። ቴርሞሜትሩን ዳንቴሉ ላይ አስተኛችው።

«ለምን እዚህ?» አለች በቀስታ።

እናቴ ወደ መሳቢያው ሄዳ ከብልቃጡ ጋር የተሰጣትን ወረቀት አወጣች። ታጥፎ ታጥፎ መገጣጠሚያው ሊበጠስ ደርሷል። ጮክ ብላ አነበበችው። «ከልጆች እጅ ርቆ፣ ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጥ። ከዚህ የሚበልጥ ከፍታ ቤታችን ውስጥ የለም። ከዚህ የከበረ ቦታም የለም።»

እትዬ ጠብታ የስፌት ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ወረቀቱን ተቀበለቻትና ቃላቱን አየቻቸው፤ ሌላ ሰው የጻፋቸው እንዲሆኑ የምትለምን ትመስል ነበር።

«ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች።

እናቴ እንግዳዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ዓይኗ እጅጌው ላይ ቀረ። ሦስቴ የታጠፈው አንዱ ወገን ተፈትቶ እስከ ጣቷ ጫፍ ወርዷል።

«ይህን ማነው የሰፋው?»

«የወንድ ነው። የሴት አልነበረም።»

«ስንት ዓመት እንዲህ እያጠፍሽ?» አንቱታው እዚያ ላይ ቀረ፤ ተመልሶም አልመጣም።

«ስምንት።»

«ስምንት ዓመት! አንዲት ሰው መቀስ አጣች?» አለች እናቴ። «አውልቂው። ያ መለኪያሽ ስንት ደቂቃ ይፈልጋል?»

«ግማሽ ሰዓት።»

«ለኔ ሩቡ ይበቃኛል።»

ሲንጀሩ ተንቀጫቀጨ። እትዬ ጠብታ በሸሚዟ ተቀምጣ ጠበቀች፤ አንዴ ቴርሞሜትሩን፣ አንዴ እናቴን ታያለች። ከዚያ እናቴ ከበሩ ኋላ ጥላው ላይ ከሚቀመጠው ማሰሮ ውሃ ቀድታ ሰጠቻት። እትዬ ጠብታ አንድ ጊዜ ተጎነጨችና ቆም አለች። ኩባያውን ጉንጯ ላይ አስደገፈች።

«ይሄ ከየት ነው?»

«ከማሰሮው ነዋ! ከየት ይሆናል?»

ተነሥታ ሁለተኛውን ቴርሞሜትር ከማሰሮው ጎን አቆመችው። በግማሽ ሰዓቱ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው አርባ አራት፣ ማሰሮው ጎን ያለው ሃያ አለ። ቁጥሩን እኔ ነኝ ያነበብኩላት፣ ሁለት ጊዜ። በሕይወቴ ያነበብኩት የመጀመሪያው ጠቃሚ ነገር እሱ ነው።

በቀጣዮቹ ዘጠኝ ቀናት አርባውንም ቤት አዳረሰች፤ እጅጌዋ በልኳ ሆኖ። አንዷ እናት ቁም ሣጥኑ አናት ላይ፣ ከጋለው ቆርቆሮ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ አስቀምጣዋለች። ሌላዋ ከምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ፤ ሌላዋ ደግሞ ሁልጊዜ እንዲታያት መስኮቱ አፋፍ ላይ። ተመልሰው ከታመሙት አሥራ ሰባት ልጆች የአሥራ አምስቱ መድኃኒት ከፍ ያለ፣ የከበረና የሞቀ ቦታ ላይ ነበር። ልጆቻቸው የዳኑት እናቶች ቤት ደግሞ መሬት ላይ፣ አልጋ ሥር፣ ዕቃ ጀርባ ተጥሎ ነው የተገኘው። ወረቀቱን ያልተከተሉት ናቸው የተሳካላቸው።

ኮሚቴው ፊት ከመግባቷ በፊት ጋሼ ኮሪደር ላይ ያዛት።

«ይህን ካቀረብሽ ስህተቱን በራስሽ ላይ ትፈርሚያለሽ፤ ታውቂዋለሽ? ወረቀቱን የጻፍሽው አንቺ። ቅጹን የሞላሽው አንቺ። ስድስት ዓመትሽን ውሃ ሊበላው ነው። ጥናቱን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።»

«ይስጡት ጋሼ። መድኃኒቱ ግን ለልጆቹ ይሰጥ።»

ገባች፣ ተናገረች። የአርባውን ቤት ሙቀት አነበበች። «አሥራ አምስት እናቶች ታማኞች ስለሆኑ ተቀጡ» አለች። አንዱ የኮሚቴ አባል ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ታዲያ እንዲህ ያለውን ወረቀት ማን አጸደቀው ብሎ ሲጠይቅ፣ ያ ግዙፍ ሰው ከወንበሩ ተነሣ። «ከሥሩ ያለው ፊርማ የኔ ነው» አለ ጋሼ። «ብልቃጥ ያሳጠብኳትም እኔ ነኝ፤ ካነሣን አይቀር።» እትዬ ጠብታ ይህን ስታወራ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ትንሽ ታርፋለች። የጋሼን ውለታ እንደ ራሷ አባት ውለታ ነው የምትቆጥረው።

ከዝርዝሩ ማንም አልወጣም። ጥናቱ አንድ ዓመት ተጨመረለት፤ ለሌላ ሰውም አልተሰጠም።

ያን ለመንገር ስትመጣ ቅጹን ይዛው ነበር። እናቴ ፊት ልትቀደው።

«አትቅደጂው» አለች እናቴ። «የተበላሸ ልብስ ይፈታል እንጂ ይቀደዳል እንዴ? አስተካክለሽ ጻፊበት።»

እትዬ ጠብታ ከሥሩ ጻፈች፤ «እናት እንደታዘዘችው ሰጥታለች። የተሳሳተው ትእዛዙ ነው።» ሁለቱም ፈረሙ። እናቴ የፈረመችው በልብስ ምልክት ማድረጊያዋ ሰማያዊ ጠመኔ ነው፤ ዛሬ ደብዝዟል፣ ግን ለሚያውቀው ይታያል።

አዲሱንም ወረቀት እትዬ ጠብታ አነበበችላት። «ከሃያ አምስት ዲግሪ በታች በሆነ ደረቅና ቀዝቃዛ ሥፍራ ይቀመጥ።»

«ሃያ አምስት ዲግሪ ከቤቴ በየት በኩል ነው?» አለች እናቴ።

«እሺ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?»

«የምትጠጡት ውሃ አጠገብ አስቀምጡት፣ በይና ጨርሺው። ውሃ የሌለው ቤት የለም። የሚጠጣውን ውሃ ፀሐይ ላይ የሚያስቀምጥም ሞኝ የለም።»

እንዲሁ ታተመ። ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ልጅ እንዳይከፍተው ተብሎም ተጭኖ የሚዞር ክዳን ተሠራለት። እናቴ ያንን ክዳን መክፈት ተስኗት እኔ ነበርኩ የምከፍትላት። እትዬ ጠብታ ይህን ስትሰማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ በማግስቱ ግን ደብተሯ ላይ አሰፈረችው።

ሽሮፑን አምስት ዓመት ወሰድኩ። ከዚያ ቀስ በቀስ ቀነሱልኝ፤ ተውኩት። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የወደቅኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱ ከብስክሌት ላይ ነው። ትምህርት ቤት ሄድኩ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ወለድኩ። ቴሌቪዥኑን ሸጠን መደርደሪያ ገዛን። ሌሎቹ ቁጥሮች የት እንደደረሱ ሁሉንም አላውቅም፤ ቁጥር አሥራ ሁለት የነበረው አሁን አውቶቡስ ይነዳል፤ አንድ ቀን ሳልከፍል ወስዶኛል። በየፋርማሲው መስኮት ሳልፍ ያ ብልቃጥ ሲሰጥ አያለሁ፤ የእናቴን ቃል አንብበው ይሄዳሉ፣ የማን እንደሆነ ሳያውቁ። ሮጬ ደርሼ ልነግራቸው ያምረኛል። እስካሁን ለአንዲት ሴት ብቻ ነው የነገርኩት፤ ልጇን አዝላ ነበር፣ እብድ መስያታለሁ።

እናቴ ከአራት ዓመት በፊት አረፈች። የስፌት ሜትሮቿን እኔ ወረስኩ። እትዬ ጠብታ ጡረታ ከወጣች ቆየች፤ ያንን እጅጌው ያጠረ ጋዋን ይዛው ነው የወጣችው፣ ለሴት ልክ የተሰፋውን አዲሱን ለሚመጡት ልጆች ትታ። አሁን ልቧ ደክሟል። እንክብል መዋጥ ስለከበዳት ፈሳሽ መድኃኒት ነው የታዘዘላት፤ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት እየሄድኩ የምሰጣት እኔ ነኝ። ልጅ አልወለደችም። «አርባ ወልጄ የምን ልጅ» ትላለች።

ዛሬም ሄጄ ነበር። ብልቃጡን ከውሃው ማሰሮ አጠገብ አንሥቼ ሰጠኋትና መልሼ ጠረጴዛው ላይ፣ ከመስታወቱ በላይ አቆምኩት። ጎኑ ላይ ከእናቴ ሜትር የቆረጥኩት ቁራጭ ተለጥፏል። የአባቷን አጉሊ መነጽር ዓይኗ ላይ ገጥማ ጎንበስ አለች። ትንፋሽዋን ያዘች። እኔም ያዝኩ።

«ትናንት ስንት ነበር?»

«ስድስት።»

«ዛሬ አምስት ነው» አለች ቀና ብላ። «እንደታዘዝሽው ሰጥተሻል፣ ሠላሳ አንድ። አሁን ወደ ቦታው መልሺው፤ ፀሐይዋ በመስኮቱ እየመጣች ነው።»